የድርቅ መድንና የክፍያው ቀን

በ1998 ዓ.ም. የዓመቱ ዝናብ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ከሚባለው የፈረንሳይ የጠለፋ መድን ኩባንያ ጋር፣ የእርዳታ ሥራ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የማያውቀውን አንድ ውል ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ ተዋዋለ። የውሉም ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በ26 የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ ተሰልቶ፣ ለከባድ ድርቅ ከተወሰነው ልክ በታች ሆኖ ቢገኝ ኩባንያው እስከ 7.1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይከፍላል፤ ዝናቡ ከበቃ ግን የተከፈለው አረቦን፣ ማለትም 930 ሺህ ዶላር፣ ለኩባንያው ቀሪ ይሆናል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የዚያ ዓመት ዝናብ መልካም ሆነ፤ ካሳም አልተከፈለም። ገንዘቡ ያለ ጥቅም ቀረ የሚል ሰው ቢኖር የመድንን ጠባይ አልተረዳም፤ ቤቱን ከእሳት ያስመደነ ሰው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ቤቱ ባለመቃጠሉ አያዝንምና። የዚያ ውል ትልቅነት፣ ድርቅ ገና ሳይመጣ ዋጋው ተቆርጦ በወረቀት ላይ መስፈሩና ከፋዩም አስቀድሞ በስሙ ተለይቶ መታወቁ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ውል የሚመለከተው የወረደውን ዝናብ እንጂ ሊወርድ ያለውን አልነበረም። የክፍያው ዕጣ የሚታወቀው ወቅቱ አልፎ፣ ጣቢያዎቹ የመዘገቡት ተደምሮ፣ ሒሳቡ ከተጣራ በኋላ ነው። ዛሬ ግን የአየር ጠባይ ሊቃውንት የውቅያኖሶችን ሙቀት መርምረው፣ ወቅቱ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብለው ስለ ዝናቡ የሚናገሩት ነገር፣ በሁሉም ስፍራና በሁሉም ወቅት ባይሆንም፣ ገንዘብ ለመክፈል የሚያስደፍር ደረጃ ላይ ደርሷል። ስለዚህ እኔ የማምነው፣ የድርቅ መድን ጥቅሙ ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ገንዘቡ በሚደርስበት ቀን የሚለካ መሆኑን ነው፤ ይህም ከሆነ ዘንድ መንግሥትና የመድን ድርጅቶች ከክፍያው ከፊሉን በትንበያው ላይ ሊያቆሙት፣ የዚህንም አረቦን ከድኻው መቀነት ሳይሆን ከመንግሥት በጀት ሊሸፍኑት ይገባል።

ነገሩ እንግዳ እንዳይመስል በፔሩ የተደረገውን ልጥቀስ። በሰሜን ፔሩ፣ ፒዩራ በሚባለው አውራጃ፣ የሚፈራው መቅሠፍት ድርቅ ሳይሆን ጎርፍ ነው፤ የሰላማዊው ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ በሞቀ ዓመት፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ዶፍ ይወርዳል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ እርሻ ይታጠባል፣ የገበሬውም ብድር ሳይመለስ ይቀራል። ላ ፖዚቲቫ የተባለው የሀገሩ የመድን ድርጅት የሸጠው ውል ጎርፉ እስኪመጣና ጉዳቱ እስኪቆጠር የሚጠብቅ አልነበረም፤ በኖቬምበርና በዲሴምበር በባሕሩ ላይ የሚለካው ሙቀት ከተወሰነው ልክ ካለፈ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር በጃንዋሪ የሚከፍል ነበር። የውሉም የመጀመሪያ ገዢ ለትናንሽ ገበሬዎች የሚያበድር የገንዘብ ተቋም ነበር፤ ተበዳሪዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚወድቁበትን ዓመት የሚፈራ አበዳሪ፣ ከመውደቃቸው በፊት በእጁ ገንዘብ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ከማንም በላይ ያውቃልና።

የእኛም ሀገር ዝናብ ከዚያው ከሩቁ ውቅያኖስ ጋር በብዙ ዘመን መዝገብ የተመሰከረ ዝምድና አለው። የውቅያኖሱ ወገብ ሲሞቅ፣ ይኸውም ኤልኒኖ የሚባለው ሲሆን፣ የሰሜኑና የምሥራቁ ክረምት ይሳሳል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነው፤ በማግሥቱም ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ውቅያኖሱ በቀዘቀዘ ጊዜ ደግሞ፣ ላኒና ማለት ነው፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጠበቀው፣ ቦረናዎች ሃጋያ ሶማሌዎች ደይር የሚሉት ዝናብ ይከዳል፤ ከ2013 ዓ.ም. መጸው ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ላኒና ሦስት ዓመት ያህል ተመላልሶ ነበር። የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ድርሻ አለው፤ በአፍሪካ በኩል ያለው ውኃ በእስያ በኩል ካለው ይልቅ ሲሞቅ ሃጋያው ይበረታል፣ ሲቀዘቅዝም ይደክማል።

እዚህ ላይ ግን ከሊቃውንቱ ጋር ሆኖ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ወቅቶች ሁሉ እኩል አይተነበዩምና። ሃጋያና ደይር ከአፍሪካ ዝናቦች መካከል በጥሩ ሁኔታ ከሚተነበዩት ናቸው፤ ክረምቱ መካከለኛ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው የደቡቡ ጋና ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያስቸግራቸዋል። የሰላማዊው ውቅያኖስ ራሱ ወዴት እንደሚያዘነብል ከግንቦት በፊት በእርግጠኝነት ለመናገር አይቻልም። ትንበያውም ሲነገር፣ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ጠባይ ማዕከል እንደሚያደርጉት፣ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ተብሎ በሦስት ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱም ከመቶ ስንት ዕድል እንዳለው ተመዝኖ ነው። ምንም ሳይታወቅ እንኳ ለእያንዳንዱ ከመቶ 33 ስለሚደርሰው፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከመቶ 50 ነው የሚለው ማስታወቂያ ብዙ የሚነግር ቢሆንም፣ ከአሥር ጊዜ አምስቱን የማይፈጸም ነገር እንደሚናገር መዘንጋት የለበትም። ለጋና ዝናብ በትንበያ የቆመ መድን ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ቢኖር፣ እኔ በበኩሌ መንግሥት እንዲገዛው አልመክርም፤ ክርክሬ ሁሉ ስለ ሃጋያና ስለ ደይር፣ በጥቂቱም ስለ ክረምቱ ነው።

ጊዜ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ወደ ቦረና ወርዶ የአንድን ቤት ሒሳብ ቀረብ ብሎ መመልከት ያሻል። መስከረም ላይ፣ ሃጋያ ሊገባ ሲል፣ ላሞቹ ገና ሥጋ አላቸው፤ ወይፈኑን ይዞ ዱብሉቅ ገበያ የወጣ ሰው ገዢ አያጣም፣ በዋጋውም ለቤቱ የሚበቃ በቆሎ ገዝቶ ይመለሳል። ጥቅምት ያለ ዝናብ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ ደመና ባየ ቁጥር ተስፋው ስለሚታደስ፣ ዛሬ ከመሸጥ ነገን ማየት ይሻላል ይላል። ኅዳር ሲጋመስ ግን ሣሩ አልቋል፤ ያን ጊዜ አገር ሁሉ ባንድ ቀን ከብቱን ወደዚያው ገበያ ይነዳል፤ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ በቆሎም በዚያው ሳምንት ይወጣል፤ ሁለቱ ዋጋዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲራመዱ፣ ባለከብቱ በመካከላቸው ይቀደዳል። ጥር ላይ ላሟ ጠዋት በራሷ መነሣት ስለሚያቅታት ሁለት ሦስት ሰው ደግፎ ያነሣታል፤ በመኪና ተጭና አዳማ እስክትደርስ የማትቆይ መሆኗን የሚያውቅ ነጋዴ በምንም ዋጋ አይወስዳትም፤ በመጨረሻ የሚሸጠው ቆዳዋ ነው። ዝናቡ በሚቀጥለው ዓመት ቢመለስ እንኳ ቤቱ አይመለስም፤ ጊደር ተወልዳ ራሷ እስክትወልድ አራት ዓመት ያህል ይወስዳልና፣ የአንድ ወቅት ዝናብ ጉድለት የብዙ ዓመት ድኽነት ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ ቤት በመስከረም የገባ ገንዘብና በየካቲት የገባ ገንዘብ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው አንድ አይደለም። የመስከረሙ ገንዘብ ዋጋው ሳይወጣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ይገዛል፤ ባለቤቱ ከመንጋው ውስጥ የሚያኖራቸውን ሁለት ሦስት የሚታለቡ ላሞችና ጊደሮች መርጦ፣ ወይፈኑንና ያረጀችውን ላም በደኅና ዋጋ ለመሸጥ ፋታ ያገኛል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አያስቀርም፤ ወተቱ ስለማይነጥፍም ሕፃኑ አይከሳም። የየካቲቱ ገንዘብ ግን የተወደደ በቆሎ ይገዛል፣ ለሞቱትም ከብቶች ማካካሻ ነኝ ይላል። ይህን ልዩነት በኬንያ የከብት መድን የጀመሩት ሰዎች ከተግባር ተምረውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በማርሳቢት የተጀመረው ውል፣ ከሳተላይት በሚታይ የሣር ልምላሜ እየለካ፣ ከብቱ ካለቀ በኋላ የሚተካ ሆኖ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኋላ ግን ከብቱ ሳይሞት መኖውን ለመግዛት እንዲያስችል ክፍያው ወደ ወቅቱ መካከል እንዲቀርብ ተደረገ። በ2004 ዓ.ም. ይኸው ዓይነት መድን በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል ወደ ቦረና መጥቷል። ክፍያውን ከወቅቱ መካከል ወደ ወቅቱ መግቢያ ማቅረብ እንግዲህ በተጀመረው መንገድ አንድ እርምጃ መጨመር ነው።

አስቀድሞ ያወቀና ያላወቀ በረኃብ ዘመን የሚለያዩበትን ሥርዓት አባቶቻችን ከኦሪት ያውቁታል። ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውን ሁሉም ሰው ሲተርከው፣ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት አምስተኛ እጅ እህል ማከማቸቱን ያደንቃል፤ እኔ ግን የዘፍጥረት 47ኛው ምዕራፍ ከዚህ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው ይመስለኛል። የሚመጣውን ያወቀው የፈርዖን ቤት ብቻ ስለ ነበር፣ ያላወቀው ሕዝብ በመጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ ከዚያም መሬቱንና ራሱን ሰጥቶ እህል ገዛ፤ ረኃቡ ሲያልፍ ሕዝቡ በሕይወት ተርፏል፣ ግን ጭሰኛ ሆኗል። ዛሬም በዱብሉቅ ገበያ የሽያጩ ቅደም ተከተል ያው ነው። ትንበያን ቀድሞ ያገኘና በእጁ ገንዘብ ያለው የእህል ነጋዴ መጋዘኑን በጊዜ ይሞላል፤ ያላገኘው፣ ወይም አግኝቶ ገንዘብ የሌለው፣ በዚያው ትንበያ ላይ ይከስራል። የአየር ትንበያ በራዲዮ ለሁሉም ይነገራል ማለት ለሁሉም እኩል ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ከማስታወቂያው ጋር ገንዘብ ካልመጣ፣ ዕውቀቱ ሀብታሙን ያበለጽጋል፣ ድኻውን ግን ከጭንቀት በቀር የሚጨምርለት የለም።

እድር እያለን፣ ቦረናም ቡሳ ጎኖፋ እያለው፣ ሌላ መድን ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። እድር የለቅሶን ወጪ፣ ቡሳ ጎኖፋም ከብቱ ያለቀበትን ወገን ችግር የሚሸከሙት፣ መከራው አንዱን ሲመታ ሌላውን ስለሚተወው ነው፤ ከመቶ ቤት አንዱ ሲጎድል ዘጠና ዘጠኙ ይሞላሉ። ድርቅ ግን መቶውንም ቤት ባንድ ወቅት ይመታል፤ ያን ጊዜ ሰጪው ራሱ ተቀባይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መከራ ሊሸከም የሚችለው ዝናቡ ከእኛ ጋር የማይጠፋበት ሩቅ አገር ያለ ገንዘብ ነው፤ የጠለፋ መድን ጥበብም ይኸው ነው፤ የቦረናን ድርቅ ከጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ከካሪቢያን ማዕበል ጋር በአንድ ከረጢት አድርጎ መያዝ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ለምሳሌ የወሰድኋቸው ቁጥሮች ነገሩን ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው። ከአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ከባድ ድርቅ በሚደርስበት ቀበሌ፣ አንድ ቤተሰብ የ10,000 ብር መድን ቢገባ፣ የድርጅቱ ወጪና ትርፍ ሳይታከልበት አረቦኑ ብቻውን በዓመት 2,000 ብር ይሆናል። ክፍያው በትንበያ ላይ ቢቆምና ትንበያውም እንዲሁ ከአምስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚያስከፍል ቢሆን፣ አረቦኑ ያው 2,000 ብር ነው፤ የመድን ዋጋ የሚቆረጠው ክፍያ በሚወጣበት ጊዜ ብዛት እንጂ በትንበያው ትክክለኛነት አይደለምና። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ትንበያ ስለሚሳሳት መድኑ ይወደዳል ይላሉ፤ የሚጎዳው ግን ዋጋው ሳይሆን ዋስትናው ነው። በ25 ዓመት ውስጥ አምስት ድርቅ ይደርሳል እንበል፤ ትንበያውም አምስት ጊዜ ያስከፍላል፤ ከነዚህ ሦስቱ ክፍያዎች በእውነተኛ ድርቅ ላይ ይውላሉ፣ ሁለቱ ዝናብ በዘነበበት ዓመት ይደርሳሉ፣ ሁለት ድርቆችም ያለ ክፍያ ይመጣሉ። የተለካውን ዝናብ ጠብቆ የሚከፍለው መድን፣ ልኬቱ ፍጹም ነው ብንል፣ አምስቱንም ድርቆች ያገኛል፣ በጠቅላላውም የ50,000 ብር ሥራ ይሠራል። በጊዜው የደረሰ አንድ ብር የዘገዩ ሁለት ብሮችን ሥራ የሚሠራ ከሆነ፣ የትንበያው መድን በሦስቱ ድርቆች ብቻ የ60,000 ብር ሥራ ይሠራል፤ በደኅናው ዓመት የደረሱት 20,000 ብሮችም ዕዳ ይከፍላሉ፣ ጊደር ይገዛሉ እንጂ አይባክኑም። አንዱ ብር የሚሠራው የአንድ ብር ከሃያ ሳንቲም ሥራ ብቻ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ድምሩ 36,000 እና 20,000፣ በአንድነት 56,000 ይሆናል፤ በቁጥር አሁንም ይበልጣል፣ ግን እኔ አልመርጠውም፤ ያለ ክፍያ የቀሩት ሁለት ድርቆች ቤቱን ከሥሩ ሊነቅሉት ይችላሉና።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ክፍያውን በሁለት መክፈል እንደሚያስፈልግ ነው፤ አንዱ እጅ በትንበያው ቀድሞ ይውጣ፣ ሌላው እጅ የተለካውን ዝናብ ወይም የሣሩን ልምላሜ ጠብቆ ይከተል። ትንበያው ቢስት ሁለተኛው እጅ ይደርሳል፤ ባይስት የመጀመሪያው ከብቱን አትርፏል። የአፍሪካ ኅብረት የድርቅ መድን ተቋም የሆነው የአፍሪካ ሪስክ ካፓሲቲ ሲመሠረት የቀረበው ስሌት፣ በጊዜው የሚወጣ አንድ ዶላር የዘገየ እርዳታን አራት ዶላር ተኩል ሊጠጋ ይተካል ይል ነበር፤ ይህን ቁጥር በሁሉም ስፍራ እንደ ሕግ አልወስደውም፤ እንደ ቦረናው ቤት ባለ ሒሳብ ግን ሁለት እጥፍ መሆኑን ለማመን አልቸገርም።

የትንበያን ስሕተት አጋንነው የሚያዩ ሰዎች፣ የወረደውን ዝናብ የሚለካው መድን የማይሳሳት ይመስላቸዋል። የማላዊን ነገር ያስታውሱ። ማላዊ እ.ኤ.አ. ለ2015 እና 2016 የእርሻ ወቅት 4.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል አረቦን ለአፍሪካ ሪስክ ካፓሲቲ ከፍላ ነበር፤ ድርቁ መጣ፣ ከስድስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተራበ፣ መንግሥቱም በኤፕሪል 2016 የአደጋ ጊዜ ዐወጀ፤ ነገር ግን የሒሳቡ ማሽን ድርቅ የለም አለ። ሲመረመር፣ ስሌቱ ገበሬው ለመድረስ ብዙ ቀን የሚፈጅ በቆሎ ይዘራል ብሎ ነበር፤ ገበሬው ግን ፈጥኖ ወደሚደርስ ዘር ተዛውሮ ኖሯል። ስሕተቱ ታርሞ 8.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል የተወሰነው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በሚሳሳትና በማይሳሳት መድን መካከል ሳይሆን፣ ቀድሞ በሚሳሳትና ዘግይቶ በሚሳሳት መካከል ነው፤ የዘገየው ስሕተት ደግሞ ቢታረም እንኳ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

በትንበያ ለሚቆም መድን ከሁሉ የሚያስፈራው ፈተና በሽያጩ ቀን ላይ ያለው ነው። ላኒና እንደሚመጣ በሐምሌ ከታወቀ፣ በነሐሴ መድን ለመግዛት የማይሰለፍ ማን አለ? በጎ ወቅት ሲተነበይ ደግሞ ማንም አይገዛም፤ እንዲህ ያለ ድርጅት በክፉ ዓመት ብቻ እየሸጠ ሁለት ዓመት አይቆይም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ለሃጋያ የሚሆነው ውል ሽያጭ ውቅያኖሱ ከመለየቱ በፊት፣ ከግንቦት ሳያልፍ ይዘጋ፤ ከዚያም የሚሻለው፣ ገዢው ለሦስትና ለአራት ዓመት ባንድ ጊዜ እንዲዋዋል ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ትንበያ አይቶ መግባትና መውጣት አይኖርም። ይህ ሥርዓት ለአንድ አርብቶ አደር ይከብዳል፤ የአራት ዓመት በጀት ማቀድ ለሚችል መንግሥት ግን አይከብድም፤ አረቦኑ የመንግሥት ይሁን የምልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪካችን ነው። የወሎው ረኃብ ሰዎችን እየጨረሰ ሳለ በቤተ መንግሥት ዝም ተብሎ፣ ነገሩ ለዓለም የተገለጠው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባሳየው ፊልም ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሽ መንግሥታት ጥፋቱን አስታውቆ፣ ዓለም የነቃው በጥቅምት 1977 የኮረም ሰፈር በቴሌቪዥን ሲታይ ነው፤ በመካከል ያለፉት ሰባት ወራት ናቸው። በጎረቤት ሶማሊያ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2010 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው ሲደጋገም ቆይቶ፣ ረኃብ መሆኑ በይፋ የታወጀው ጁላይ 20 ቀን 2011 ነበር፤ ኋላ የተደረገው ጥናት የሞቱትን 258 ሺህ ያህል አድርጎ ገምቷቸዋል። በሦስቱም ጊዜ የጎደለው ዕውቀት አይደለም። አዋቂው ነበር፣ ወረቀቱም ነበር፤ የጎደለው ግን ከወረቀቱ በኋላ ገንዘብ እንዲወጣ የሚያስገድድ ነገር ነው። ባለሥልጣን ድርቅ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ ተናግሮ ዝናብ ቢዘንብ ይሳቅብኛል ብሎ ይፈራል፤ ለጋሹም የከሳ ሕፃን ፎቶግራፍ ሳያይ ቦርሳውን ለመክፈት ያመነታል፤ ሁለቱም ሰዎች ክፉ ሳይሆኑ፣ በሁለቱ ማመንታት መካከል ወራት ያልፋሉ።

አስቀድሞ የተፈረመ ውል ይህን ሸክም ከሰው ላይ ያነሣል። የባሕሩ ሙቀት ከተጻፈው ልክ ሲያልፍ፣ ገንዘቡ የሚኒስትር ፊርማ፣ የአምባሳደር ጉብኝትና የጋዜጠኛ ካሜራ ሳይጠብቅ ይንቀሳቀሳል። እኔ ከመድኑ ሁሉ ጥቅም ይህን አስበልጣለሁ፤ ገንዘቡንስ በብድርም በልመናም ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ያለፉትን ሰባት ወራት ግን ከየትም መበደር አይቻልም።

ስለ አረቦኑ ከፋይ ግን ብዙ የተደከመበት ሌላ መንገድ መኖሩን ሳላመሰግን ማለፍ አልወድም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ፣ አዲ ሃ በምትባል ቀበሌ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ስዊስ ሬና ንያላ ኢንሹራንስ ተባብረው 200 ለሚሆኑ ጤፍ ዘሪ ቤተሰቦች መድን ሲያቀርቡ፣ ገንዘብ የሌለው ገበሬ እርከን በመሥራትና ኮምፖስት በማዘጋጀት አረቦኑን በጉልበቱ እንዲከፍል አደረጉ። በኅዳር 2005 ዓ.ም. ከ12 ሺህ የሚበልጡ ገበሬዎች ከ320 ሺህ ዶላር በላይ ካሳ ተከፍሏቸዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ለከፊል ድርቅ፣ ለትንሹ ጉድለት፣ ገበሬው እንዲህ ተሳታፊ ቢሆን ክብሩም ይጠበቃል። ነገር ግን አገር ሁሉ ለሚወድቅበት ለዚያ ለከባዱ ድርቅ፣ በየዓመቱ አረቦኑን ከራስህ ክፈል ማለት ፍርድ አይደለም። ያን ሸክም መንግሥት በእርዳታ ስም ኋላ መሸከሙ ለማይቀር፣ ቀድሞ በአረቦን ስም ቢሸከመው ይረክስለታል። የኬንያ መንግሥት ድኾች አርብቶ አደሮችን መርጦ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በአምስት ከብት ልክ የሚሆነውን አረቦን ሙሉ በሙሉ ከራሱ ሲከፍል ቆይቷል፤ እኛም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የተመዘገበ፣ ስሙና ቀበሌው የታወቀ ሕዝብ ስላለን፣ ክፍያውን ለማን እንደምናደርስ አዲስ መዝገብ መክፈት አያስፈልገንም።

ስለዚህ ጅምሩ ትንሽ ይሁን፣ ግን ቀን ይቆረጥለት። ቦታው ቦረናና ሶማሌ ክልል፣ ወቅቱም ሃጋያና ደይር ቢሆን፣ የውሉ ዘመን አራት ዓመት፣ የመዋዋያው ቀን ከግንቦት ያላለፈ ይሁን። ክፍያ የሚያስነሣው የባሕር ሙቀት ልክና የትንበያው መቶኛ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጽፎ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በየገበያው በር ይለጠፍ፤ ሰው የሚጠብቀውን ካወቀ፣ ዝናብ በዘነበበት ዓመት ገንዘብ ሲመጣ አይደነቅም፣ ባልመጣበትም ዓመት ተዘረፍሁ አይልም። የመጀመሪያው እጅ ክፍያ በሴፍቲኔቱ መዝገብ መሠረት መስከረም ሳይጋመስ በስልክ ወይም በቁጠባ ማኅበር በኩል ይድረስ፤ ሁለተኛው እጅ የሳተላይቱን ልኬት ተከትሎ በታኅሣሥ ይከተል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ትንበያውን በሰጠ ቁጥር፣ ያለፉት ዓመታት ትንበያዎቹ ስንቱ እንደ ሠመረና ስንቱ እንደ ሳተ አብሮ ያትም፤ ይህ መዝገብ ሳይኖር የመድን ድርጅት ዋጋ ሲቆርጥ ስለማያውቀው ነገር አብዝቶ ያስከፍላል፣ ያንም ትርፍ የሚከፍለው የሕዝብ በጀት ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ይህን ውል ለመጪው በጀት ዓመት የሚያስበው ከሆነ፣ ስለ አረቦኑ ከጠለፋ መድን ኩባንያዎች ጋር መነጋገር የሚገባው ከጥር ጀምሮ ነው።